ሲስተም የለም

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ነው። የካርድና የቀጠሮ ፕሮግራሙን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። «ወንድሜ፣ ቆመብን እኮ» አለችኝ የካርድ ክፍሏ ልጅ። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

ስደርስ ኮሪደሩ ሞልቷል። ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት «ሲስተም የለም አሉን ልጄ» አሉኝ። ባንክ ቤት ስንቴ የሰማሁት ቃል ነው። የእኔን ሥራ ሲሉት ግን አንጀቴ ተላወሰ።

ሰርቨሩ አልወደቀም። ልጅቷ የታካሚውን ስም ታያለች። «መጥቷል» ብላ ልትመዘግብ ስትል ግን ገጹ ይሽከረከራል። 50 ሰከንድ፣ ከዚያ ኤረር። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል (መረጃው የሚቀመጥበት ፕሮግራም) ሌላ ሥራ የቆለፈው የመረጃ መስመር እስኪለቀቅ የሚጠብቀው፣ ካልቀየሩት፣ ይህን ያህል ነው።

የተከፈቱ ትራንዛክሽኖችን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦችን) ሳይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ያልተዘጋ አንድ አገኘሁ። ለነገ ቀጠሮ ላላቸው ማስታወሻ ኤስኤምኤስ የሚልከው የሌሊት ሥራ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም «እየተላከ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይልካል፣ ኮሚት የሚያደርገው፣ ማለትም ለውጡን አጽድቆ ቁልፉን የሚለቀው፣ መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊቱን የኤስኤምኤሱ መልስ ዘገየ። ሥራውም የጋራ በር ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ገበያ እንደወጣ ተከራይ ሆነ።

ደግሞ የቀጠሮ ቀኑ ኢንዴክስ፣ ማለትም የሚፈለገውን መስመር ቶሎ የሚያሳይ ማውጫ፣ አልነበረውም። የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ክፍል የሆነው ኢኖዲቢ እንዲህ ሲሆን የሚቀይረውን መስመር ብቻ ሳይሆን፣ ሲፈልግ ያለፈባቸውን ሁሉ ይቆልፋል። የዛሬዎቹ ታካሚዎች የተያዙት በዚህ ነው።

ሥራውን አስቆምኩት። ወረፋው ወዲያው ተንቀሳቀሰ፤ እኚያ እናትም ገቡ። ዳታቤዙ ምልክቱን ወደኋላ መለሰው፣ የተላከ ኤስኤምኤስ ግን አይመለስም። ሰው ሁለቴ እንዳይደርሰው ከላኪው መዝገብ ጋር እያመሳከርኩ እስከ ምሳ ቆየሁ።

ከሰዓት ኮዱን እንደገና ጻፍኩት። አሁን 20 ሰው ይወስዳል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ኮሚት። ኤስኤምኤሱ የሚላከው ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ነው። የሌሊቱ ሥራ ቁልፍ የሚጠብቅበትን ጊዜም ወደ 3 ሰከንድ አወረድኩት፤ ካላገኘ ይተወዋል። ቅድሚያ መልቀቅ ያለበት እሱ ነው፣ አግዳሚው ላይ ያለ በሽተኛ አይደለም።

ኢንዴክሱን የጨመርኩት ማታ፣ የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ ነው። ሠንጠረዥ መነካካትም የራሱ ቁልፍ አለውና።

አላርሜን ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሞልቻለሁ። ሲጀምር አጠገቡ መሆን እፈልጋለሁ።