ወርቁ ነው የጠፋበት

ካርዱ ላይ የተጻፈው «ሳይክ ኬዝ» (የአእምሮ ታካሚ) የሚል ብቻ ነበር። የሙቀቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ቦታ ባዶ ነው። እኛ ዘንድ ድንገተኛ ክፍል፣ ሰው ብቻውን ሲያወራ ካየ ቴርሞሜትር ማውጣት ይከብደዋል፤ ወደ አእምሮ ሕክምና የሚወስደውን ኮሪደር በጣቱ ያሳያል፣ አበቃ። ስንት ጊዜ ተነጋገርንበት፤ ስንት ጊዜ «ይስተካከላል» ተባልን።

ነገሩ የሆነው ምሥራቅ ጎጃም ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ኅዳር ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ጤፍ የሚታጨድበት፣ የጮቄ ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ሰሞን። ልጁ ቢበዛ 18 ዓመቱ ነው፤ የቅኔ ተማሪ። ደበሎውን እንደለበሰ ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ይዘው አመጡት። አልጋው ላይ እንዳስቀመጡት ከብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ነገር በሁለት ጣቱ እየለቀመ መዳፉ ውስጥ ማጠራቀም ጀመረ። ከምስር ጠጠር እንደሚለቅም ሰው፣ በትዕግሥት። በመሃል ቀና ይልና ግድግዳውን «መጣሁ የኔታ» ይለዋል። ከዚያ ደግሞ ሊነሣ ይታገላል፣ ሁለት ሰው አይበቃውም፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ለቀማው ይመለሳል።

ተረኛዋ ሲስተር ለእኛ ለአእምሮ ሕክምና ክፍል ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ያን ማታ ያደረገችውን ለመረዳት ያለፈውን ሳምንት ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሌላ ወጣት ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በተወጋ በማግስቱ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዞ፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ቀረ። እናቱ «አነቀብኝ! ያ መንፈስ አነቀብኝ!» እያለች የጸበል ጀሪካኗን ፍለጋ ሮጠች። መንፈስ አይደለም፤ መድኃኒቱ ራሱ ጡንቻ ይይዛል፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት። ሲስተር ፕሮሜታዚን 50 ሚሊግራም በጡንቻ ሰጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ፣ ዓይኑ ወረደ፣ እናትየው የሲስተርን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። እንዲህ ያለ ነገር ጀማሪን ያሰክራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋዋኗ ኪስ አንድ አምፑል ፕሮሜታዚን አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ ተረኛው ሐኪም በስልክ «ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ከፕሮሜታዚን 50 ጋር» ሲላት ደስ ነው ያላት። ለሚረበሽ ታካሚ የተለመደ ትእዛዝ ነው፤ ፕሮሜታዚኑ እንቅልፍ ይጨምራል፣ የአንገቱንም ነገር አስቀድሞ ይከላከላል። በስልክ የተነገረው ሐኪም ደግሞ ምን ያድርግ? «የሚያወራ፣ የሚታገል፣ የሌለ ነገር የሚያይ» ነው የተባለው። ሙቀት ስንት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ እሷም አልለካችም፤ ከታች ተለክቶ የመጣ መስሏታል። መርፌውን ቀድታ ትሪው ላይ አስቀመጠችና ከመውጋቷ በፊት ቅጹን ልትሞላ ተቀመጠች። ያን ማታ ያዳነን በሌላው ቀን የምንረግመው ወረቀት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ዛሬ ነው ሲስተር። ጠዋት አብረን ቅኔ ስንቆጥር ነበር፤ ምንም አልሆነም ነበር» አለ ትልቁ ጓደኛው።

«ንግግሩ ይያያዛል?»

ልጁ የሆነ ነገር በግእዝ ያነበንባል። ትልቁ ተማሪ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ፈተና እንደሚያርም ሰው አሰበበት። «ይኼ አሁን የሚለው ጉባኤ ቃና ነው። ሰሙ ደህና ነው፤ ወርቁ ነው የጠፋበት።»

ሲስተር «ንግግሩ አይያያዝም» ብላ ጻፈች። ትምህርት ቤት እንደተማረችውም ለማስረጃ ታካሚው ያለውን ቃል በቃል፣ እንደሰማችው፣ በትእምርተ ጥቅስ ከታች አሰፈረች። ቀጥላ የሱስ ዝርዝሩ ውስጥ ገባች፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«ጫት ይቅማል?»

«ኧረ ሲስተር።»

«ሲጋራ?»

«ኧረ!»

«አረቄ?» ዝም አሉ። «ሐሺሽ?»

ትልቁ ተማሪ ብድግ አለ። «ሲስተር፣ እኛ እኮ በእንተ ስማ ለማርያም ብለን፣ ውሻ እየነከሰን፣ ቁራሽ ለምነን የምንማር ሰዎች ነን! ሐሺሽ! እሱ የጠጣው ለትምህርቱ ብሎ ነው!»

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጭጭ አለ። ትንሹ ጓደኛው አፉን በነጠላው ሸፈነ። የልጁን ትከሻ ይዤ ስለነበር ሳቄን የምደብቅበት እጅ አልነበረኝም፤ ሳቁ ግን ሳይጨርስ ደረቀ።

ጎጃም ላደገ ሰው «ለትምህርቱ ጠጣ» ከተባለ የሚቀጥለው ቃል አብሾ ነው፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው። ዋናው ነገሩ አስተናግር፣ አንዳንዱ አጠፋሪስ የሚለው፣ ቆሻሻ መጣያና በረት ዳር የሚበቅለው፣ እሾሃም ፍሬ ያለው ተክል ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ታካሚ አይቶ ነው ያወጣው፤ ከሌለ ሰው ጋር ያነጋግራል። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። ልኩ ደግሞ አይታወቅም፤ የአንዱ ተክል ዘር ከሌላው፣ የአንዱ ወቅት ከሌላው ይለያያል። እነዚህ ልጆች የሚያውቅ ሰው ሳይሰጣቸው ራሳቸው ወቅጠው፣ በማር ለውሰው ነበር፤ ሁለቱ ፈርተው ቀመሱ፣ ይኼኛው ጨለጠ።

«ብብቱን ንኪው» አልኳት።

ነካችው። እጇን አወጣችና ጣቶቿን አየቻቸው። ያን ያህል ሲታገል የቆየ ልጅ ብብቱ እንደ ደረቀ ብራና ነው፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። የስልኳን መብራት ዓይኑ ላይ አበራች፤ ጥቁሩ ክፍል ቡኒውን ውጦት ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ በብርሃኑም አልጠበበም። ሙቀት 38.4፣ የልብ ምት በደቂቃ 136፣ የደም ስኳር 96። ከእምብርቱ በታች እጇን ስታሳርፍ ፊኛው እንደ ኳስ ተወጥሯል። ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም፤ ማን ይጠይቀው?

ነገሩ ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር፤ እሷው ናት የጻፈችው። በሰዓታት ውስጥ የጀመረ እብደት የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይኮሲስ ቀናትና ሳምንታት ይዞ፣ እንቅልፍ ነስቶ፣ ከሰው ነጥሎ ነው የሚመጣው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ከተቀየረ ገላው ውስጥ ምን ገባ፣ ምን ጎደለ ብሎ መፈለግ ነው፦ መርዝ፣ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የስኳር መውረድ፣ የአረቄ መቋረጥ። ሳይኮሲስ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ይሰማል፤ ከብርድ ልብስ ላይ የሚለቅመው ግን በዓይኑ የሚያየውን ነው። ሳይኮሲስ ያለበት ሰው ቀኑንና ያለበትን ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል፤ ይኼኛው ሆስፒታሉን ጉባኤ ቤት አድርጎታል። ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፤ አሥር ደቂቃ ይረጋል፣ አሥር ደቂቃ ይታገላል። የሳይኮሲስ ታካሚ እንዲህ በየደቂቃው አይለዋወጥም።

ትሪው ላይ ያለው መርፌ አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ባለፈው ሳምንት አንገት የመለሰው ፕሮሜታዚን የሚሠራው አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ በማገድ ነው፤ አስተናግርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያንን እዚህ መጨመር የነደደ ቤት ላይ ጭድ መወርወር ነው፤ ሙቀቱ ይብሳል፣ ፊኛው ይብስ ይዘጋል፣ ልቡ ይብስ ይሮጣል። ሌላው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ክሎርፕሮማዚንም ያው ነው፣ የደም ግፊትም ይጥላል። ሲስተር መርፌውን ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ስትጥለው ያየሁት ፊቷ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከኪሷ የነበረችውን አምፑልም አወጣችና ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች፤ ማንም ሳይነግራት።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ ትእዛዙም ተለወጠ። ካኑላ፣ ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ፣ ማረጋጊያው ዳያዜፓም 10 ሚሊግራም በደም ሥር። ዳያዜፓሙ ከምንም ጋር አይቀላቀልም፤ ቢያንስ በሁለት ደቂቃ፣ ትንፋሽ እየተቆጠረ ነው የሚገፋው። ጀማሪ እጁ የሚፈጥነው እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው ሲረጋ ትንፋሹም ሊረጋ ይችላል። 16 ቁጥር ካቴተር ሲገባ 850 ሚሊ ሊትር ወረደ፤ ከትግሉ ግማሹ አብሮ ወረደ። በገመድ ማሰር አይታሰብም፤ የታሰረ ሰው ይታገላል፣ የታገለ ይሞቃል፣ እሱ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ላብ የለውም። ደበሎውን አውልቀን እርጥብ ጨርቅ ስናለብሰው ትልቁ ጓደኛው «በዚህ ብርድ በውሃ?» ብሎ ጮኸ። «ጸበል ነው ብለህ አስበው» አለችው ሲስተር። ያኔ ነው ለክፍሉ እንደምትሆን ያወቅኩት። ኢንተርኑ ለማርከሻ ኒዮስቲግሚን ይሰጥ ብሎ ነበር፤ እሱ ወደ አንጎል አይገባም። የሚገባው ፊዞስቲግሚን ነው፤ እሱን ደግሞ ፋርማሲው አልነበረውም። ስለዚህ የቀረው መጠበቅ ነበር፤ መብራቱን ሳያጠፉ፣ የሚያውቀው ሰው ከጎኑ ሳይለይ። አስተናግር አንጀትንም ስለሚያቀዘቅዝ ዘሩ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ሥራውም አንድና ሁለት ቀን ይዘልቃል።

ድሮ ቢሆን ይህ ልጅ ታስሮ መኪና ላይ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ ይጓዝ ነበር። በዚያ ፊኛና በዚያ ሙቀት ደጀንን ማለፉን እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ቀረበ። ያቀረበው ድንገተኛ ክፍል ነው። «በወቅቱ የተለየ የመመረዝ ታካሚ» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ካርዱን ይዤ ነበር የተቀመጥኩት፣ ሁለቱ ቃላትና ባዶዎቹ ሳጥኖች ያሉበትን። ሲስተር ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ፤ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ትሪው ላይ የነበረው መርፌ ጉዳይም ስላልተነሣ ነው።

ለጀማሪዎች ስለ ሱስ ስንጠይቅ በአክብሮት፣ ሰውን ሳናስቀይም፣ ዓይን ዓይኑን እያየን እንጠይቅ ብለን እናስተምራለን። ትክክል ነው። ያን ማታ በአክብሮት ብትጠይቅ ኖሮ ግን ልጆቹ በአክብሮት ይደብቋት ነበር። ይህን ሥልጠና ላይ እንዴት እንደምናስገባው እስካሁን አልገባኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሲስተር አዲስ ሃይማኖት ብብት ሆነ። አረቄ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ገበሬ አይጥ እያየ ሲመጣ ብብቱ ረጥቦ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አገኘችውና ፊቷ በራ፤ ያም ትክክል ነበር። ቀጥላ የመጣችውን ሴት ግን ብብቷ ደረቅ ነው ብላ ግማሽ ቀን አስተናግር ስትፈልግባት ዋለች። ልብ ምቷ 80፣ ዓይኗ በብርሃን የሚጠብ፣ ሕመሟም ሦስት ወር የቆየ። በኅዳር ብርድ የሁላችንም ብብት ደረቅ ነው።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነቃ። አንዳች አላስታወሰም፤ መጀመሪያ የጠየቀው አኩፋዳውን ነው፤ ቅርብ ነገር ለማየት ዓይኑ ገና ብዥ ይልበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሻል ሲለው ሲስተር ካርዱን ይዛ መጣችና ያን በትእምርተ ጥቅስ የጻፈችውን አሳየችው፤ «ይኼን ብለህ ነበር፤ ምን ማለት ነው?» አለችው። ካርዱን አራቀ፣ አቀረበ፣ እንደገና አራቀ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከእጇ ተቀበለና «ሀ»ዋን ሰርዞ «ሐ» አደረጋት፤ አንዱን «ሰ» ደግሞ «ሠ»።

«አሁን ልክ ነው» ብሎ መለሰላት።

ካርዱ መዝገብ ቤት ነው። ከእርማቱ ጎን ፊርማ የለም።