ጣሪያ ላይ የወጣው ፔቱኒያ

አለቃችን ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ዘዴ አላቸው፦ የአበባ ችግኝ እንዲጠነክር ገና በለጋነቱ ጣሪያ ላይ አውጥቶ ለፀሐይ መስጠት። ዘዴው እንዴት እንደተገኘ የምናውቀው እኔና ዘበኛው ነን።

አንድ ሆቴል ለጥምቀት ግቢውን በፔቱኒያ ሊያስውብ አዘዘ። ፔቱኒያ ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ጥቅምት እንደገባ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው አሮጌ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ጀመርን። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በዚያ ወቅት ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይቆያል፣ ዘሩም የሚወደው ይህንኑ ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ቢሆን አይሞከርም።

ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ 10,000 ገደማ አለ። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ፣ ቀድሞ ውሃ በጠጣ አፈር ላይ መበተን ነው። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። ላስቲክ ብቻ ይወጠርበታል፣ አረንጓዴ ነጥብ በታየበት ቀን ደግሞ ላስቲኩ ይነሳል። ካልተነሳ እርጥበቱ ይታፈንና ቡቃያው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል፤ አንዱ ከወደቀ በማግስቱ ዙሪያው ያለው ሁሉ ይተኛል። ለዚህ ከመድኃኒት ይልቅ የሚበጀው ከላይ አለማጠጣት ነው፦ ትሪውን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አስቀምጦ የአፈሩ ፊት ሲረጥብ ማንሳት።

እውነተኛዎቹ ቅጠሎች ሁለት ሲሆኑ ወደ ባለ 128 ጉድጓድ ትሪ አዛወርናቸው። ቅጠሉን ይዞ በክብሪት እንጨት ከሥሩ ፈንቀል ማድረግ ነው። ግንዱን የሚይዝ ሰው አጠገቤ እንዲሠራ አልፈልግም፤ የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አለቀለት።

ህዳር አጋማሽ ላይ አለቃችን ገቡ። በዋጋ ድርድር የሚስተካከላቸው የለም፣ ይሄን እመሰክራለሁ። በመብራቱ ሥር የተደረደሩትን ትሪዎች ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«ይሄ ምን ጨለማ ነው አቦ! ተክል ፀሐይ አይደል እንዴ የሚፈልገው?»

«ይፈልጋል ጋሼ፣ ግን ቀስ በቀስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ጥላ ሥር አውጥተን 2 ሰዓት ላይ እናስገባለን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን በአሥር ቀን...»

«አሥር ቀን! ጫት እንኳ በፀሐይ ነው የሚበቅለው!»

ጫቱ እዚህ ምን ሊሠራ እንደገባ እስካሁን አልገባኝም። መልስ ልሰጥ ስል፣ ከኋላቸው የቆመው የእህታቸው ልጅ፣ ዲፕሎማውን ገና የተቀበለው፣ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ይሄ የባለሙያ ድምፅ ሆኖ ተቆጠረና ነገሩ ተወሰነ።

ሆቴሉ ካዘዘው እጥፍ አዘጋጅተን ነበር። ማታውን ከዘበኛው ጋር ግማሹን ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ኒም ዛፉ ሥር ደበቅነው። የቀረው ጠዋት የሲሚንቶ ጣሪያው ላይ ወጣ።

4 ሰዓት ላይ ቅጠሉ ተንጠለጠለ፤ ከሰዓት በኋላ ነጥቶ ወረቀት ሆነ። በመብራት ያደገ ቅጠል ስስ ነው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ አያውቅም። ጉድጓዱ የሚይዘው አፈር አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ከሥር ያጋግላል። ዲፕሎማው ሮጦ ውሃ ደፋበት። ሥሩ ከተቀቀለ በኋላ ውሃ ምን ያደርጋል?

አለቃችን ጥፋቱን በዘሩ አሳበቡ። «ርካሽ ነገር እያመጣችሁ!» እንዳሉ ሳምንቱ አለቀ።

ኒሙ ሥር ያሉት ግን በተባለው ሥርዓት ፀሐይ እየለመዱ ግንዳቸው ጠና። ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ደባልቀን ወደ ትልልቅ ላስቲክ አዛወርናቸው፣ ቅርንጫፍ እንዲያበዙም ጫፋቸውን ቀነጠስን። ጥቂቶቹ አዲስ ቅጠላቸው ቢጫ፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆነ። እዚህ ላይ ዩሪያ የሚጨምር ብዙ ነው፤ አይረዳም። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ደግሞ ፔቱኒያ ብረት መሳብ ያቅተዋል። የሚሟሟ የብረት ማዳበሪያ ሰጠናቸውና አገገሙ።

ለጥምቀት አበባው ደረሰ። የሆቴሉ ሰውዬ ግንዱን በጣቱ ጫን አድርጎ፣ «እንዴት እንዲህ ጠነከረላችሁ?» አለ።

«ጣሪያ ላይ ነው ያሳደግነው» አሉ አለቃችን። «ሚስጥሩ ፀሐይ ነው።»

የእህታቸው ልጅ ራሱን ነቀነቀ።

ስንመለስ ዘበኛው፣ «ባንደብቀው ኖሮ'ኮ ይማሩ ነበር» አለኝ።

«ደሞዛችንስ?»

«እሱስ ነው።»

አሁን ከሳቢያንም ከለገሀሬም ሰዎች የነጣ ችግኝ ይዘው ይመጣሉ። በቀደም አንዷ፣ «ጣሪያ ላይ አውጪው አሉኝ'ኮ» ስትል አለቃችን በሩ ላይ ቆመው ስለነበር ዝም አልኩ። ሲሄዱ፣ «ጥላ ሥር ጀምሪው እህቴ፣ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ» አልኳትና ሌላ ትሪ ሸጥኩላት። ዘዴው ገበያ እንደጨመረ አልክድም።