ሲነካ ኮሽ ኮሽ የሚል ቆዳ

አዳማ ወደ ወንጂ መውጫ ያለ የሥጋ ዶሮ እርባታ ላይ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን የዶሮ ቆዳ የሚያበሰብስ በሽታ ልንገራችሁ፣ በተለይ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል። ለፋሲካ ገበያ ይድረስ ተብሎ 150 ካሬ ቤት ውስጥ 2,000 ብሮይለር ገባ፣ በካሬ 13 ገደማ ማለት ነው፣ በአዳማ ሙቀት በዛ ክፍት ቤት 10 ራሱ ይበቃ ነበር።

34ኛው ቀን ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ስገባ 11 ሞተው አገኘሁ። ማታ እኮ ሲበሉ ነው ትቻቸው የሄድኩት። ሙቀት ነው ብዬ መጋረጃውን አስከፈትኩ፣ ውሃ አስቀየርኩ፣ በቃ እሱን አልፌ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። የሞቱትንም እስከ ማታ እዛው ጥግ ላይ ተዋቸው፣ አብረን እናወጣለን አልኩ፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። በማግስቱ 29 ሆኑ።

ያኔ ነው ጥበቃችን ጋሼ፣ ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አንዷን ገልብጠው «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ንካት» ያሉኝ። ክንፏ ሥር ላባው ረግፏል፣ ቆዳው ጠቁሮ ጠርዙ ወደ አረንጓዴ ሄዷል፣ እርጥብ ነው። በጓንት ጫን ሳረገው ከሥሩ ኮሽ ኮሽ አለ። ሽታው ደግሞ ሌሊት የሞተች ሳይሆን ሦስት ቀን የሰነበተች ነው የሚመስለው።

ዶክተሯን ጠራን፣ ከሰዓት መጣች። ቆዳውን ስትገፈው ደም የቀላቀለ ዝልግልግ ውሃ አረፋ እየደፈቀ ወጣ፣ ጡንቻው የተቀቀለ ሥጋ መስሏል። ጋንግሪነስ ደርማታይተስ ነው አለችኝ፣ በኛ ቋንቋ ቆዳና ሥጋ በቁም ሲበሰብስ ማለት ነው። የሚያመጡት ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ሴፕቲከምና ፐርፍሪንጀንስ፣ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስም አብሮ ይገኛል። «እነዚህ እኮ ድሮም ቤትህ ውስጥ አሉ፣ ሰጋቱራው ላይ፣ አፈሩ ውስጥ፣ የዶሮዋ አንጀት ውስጥ፣ ስታፉ ደግሞ ቆዳዋ ላይ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ዛሬ ገደሉ አልኳት።

ጭረት ይፈልጋሉ አለች። ተጨናንቀው ወደ መመገቢያው ሲሮጡ አንዷ በአንዷ ጀርባ ላይ እየወጣች በጥፍሯ ትቧጭራታለች፣ በዛች ጭረት ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን የሚለቀው መርዝ ነው ጉዱ። መርዙ የሴሉን ሽፋን ይቀደዋል፣ ደም መሄዱን ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ሞቶ ኦክስጅን ያጣ ሥጋ ደግሞ ለክሎስትሪዲየም የሚመቸው ቤቱ ነውና የበለጠ ይራባል የበለጠ መርዝ ይለቃል፣ ያ ኮሽ ኮሽ የሚለው እየተራባ የሚያወጣው ጋዝ ነው። መርዙ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙዎቹ አንድ ቀን እንኳን አይሞላቸውም።

ከዛ ከፊንጢጣዋ ከፍ ብላ ያለችውን ቡርሳ የሚሏትን ነገር አውጥታ አሳየችኝ፣ ጠውልጋ ትንሽዬ ሆናለች። ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሲይዝ የሚያጠፋው እሷን ነው፣ የዶሮዋ መከላከያ የሚሠራው እዛ ነው። «የጉምቦሮ ክትባቱን እንዴት ነው የሰጣችሁት?» አለች። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከቢሾፍቱ በበረዶ በደንብ ነው የመጣው፣ እኔ ግን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ በጠበጥኩት፣ ለዛውም ረፋዱን ሙሉ መጠጫው ላይ ቆይቷል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፣ ክሎሪን ይገድለዋል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ የዶሮ አኒሚያ ቫይረስም እንዲህ ያዳክማል አለችኝ፣ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቱ ደህና የሚመስሉትን ዛሬውኑ አርደን ለሆቴል እንስጥ አለ። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ ብድር አለበት። ግን ስታፊሎኮከስ ሥጋ ላይ ከተራባ የሚተወው መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም፣ ሰው ይበላዋል፣ እምቢ አልኩት። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ዶክተሯ በውሃ የሚሰጥ ፔኒሲሊን አዘዘች፣ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ስንጠብቅ ፋሲካ አለፈ።

ትልቁ ሥራ ግን መድኃኒቱ አልነበረም። በየ2 ሰዓቱ ሌሊትም ጭምር የሞተ ማውጣት ነው፣ ምክንያቱም በሕይወት ያሉት ሬሳውን ይጎረጉሩታል፣ በሽታውም ይዛመታል። መጠጫው ሥር የረጠበውን ሰጋቱራ በሙሉ ዛቅነው። በአምስተኛው ቀን ሞቱ ወደ 3 ወረደ። በጠቅላላ 312 አጣን። ዶሮዎቹ ካለቁ በኋላም ሰጋቱራውን አንድ ሳናስቀር አውጥተን የአፈር ወለሉን ፍቀን ጨው በተንንበት፣ የክሎስትሪዲየም ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርፊት ያለው መልኩ፣ እኮ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ በተራ ኬሚካል ታጥቦ የሚሄድ አይደለም።

አሁን 1,500 ነው የምናስገባው። ክትባት ቀን ክሎሪኑ እንዲጠፋ ውሃው ከማታ ተቀድቶ ያድራል፣ ጠዋት በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት እንጨምርና ግማሽ ሰዓት ቆይተን ክትባቱን እንበጠብጣለን፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሳሉ። ሰዓቱን የሚይዙት ጋሼ ናቸው።