የማታዋ ክኒን

ዛሬም ሙቀቱ አልበርድ ብሎ በረንዳ ላይ ስለ አይጦች ሳነብ አመሸሁ። ጥናቱ የቆየ ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራ። ኤል ፒ-ቢ ኤም 5 የሚባለው ሬትሮቫይረስ (ኤች አይ ቪም ያለበት የቫይረሶች ወገን) የያዛቸው አይጦች ጣፊያቸውና ንፍፊቶቻቸው ያብጣሉ፤ ሰውነታቸው በሽታ መከላከል እያቃተው ሄዶ በወራት ውስጥ ያልቃሉ። መኖአቸው ላይ ቫይታሚን ኢ በብዛት ሲጨመርላቸው ግን ነጭ የደም ሴሎቻቸው የመከላከያ ሴሎችን የሚያነቃቃውን ኢንተርሉኪን 2ን እንደገና በተሻለ መጠን ማመንጨት ጀመሩ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ብዙ ያስተምራል።

ያነበብኩት የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን በየማታው በሚውጡ አንዲት እናት ምክንያት ነው። ከከተማችን ታይዋን ገበያ የገዟትን ብልቃጥ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ አኖሩልኝ። ለስላሳ ቢጫ የቫይታሚን ኢ እንክብሎች፣ ጎኗ ላይ 400 የሚል ተጽፎባታል። «ልጄ፣ ይቺ ደም ታጠነክራለች አሉኝ። የማታዋን ትቼ ይቺን ልዋጥ እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ የማታዋን እንዳያቋርጡ!» አልኳቸው፤ ልቤ ደነገጠ። ዕድሜ ማራዘሚያው በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱን ከአልጋ አንሥቷል! እሳቸውንም ጭምር።

የአይጦቹ ቫይረስ ኤች አይ ቪ አይደለም። ከአይጥ የደም ካንሰር ቫይረሶች ወገን ነው፤ ሲዲ ፎር የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ሴሎች ከመጨረስ ይልቅ ሥራቸውን ያበላሻል። ሰው ላይ የታየው ደግሞ ሌላ ነው። ታንዛኒያ፣ ዳሬሰላም ውስጥ፣ መድኃኒቱ ገና ባልተዳረሰበት ዘመን፣ ቢ፣ ሲ እና ኢ ቫይታሚን የወሰዱ ኤች አይ ቪ ያለባቸው እናቶች ሕመሙ ዘግየት ብሎላቸዋል። በዚያው አገር መድኃኒት ለጀመሩ ከ3,400 በላይ ሰዎች ግን የእነዚሁ ቫይታሚኖች ከፍተኛ መጠን ከመደበኛው አልተሻለም። ጭራሽ የጉበት ኢንዛይም ከፍ እያደረገ ስላስቸገረ ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። ኢንተርሉኪን 2ም በመርፌ ተሞክሯል፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሲዲ ፎር ጨመረ፣ ሕመምና ሞት ግን አልቀነሰም። ቁጥሩ ወጥቶ ሰው ካልዳነ ምን ይረባል?

ይህን ሁሉ ለእማማ አልዘረዘርኩም። ብልቃጧን በቀጠሯቸው ቀን ለሐኪማቸው እንዲያሳዩ፣ እስከዚያ እንዳይከፍቷት፣ የማታዋን ክኒን ግን በሰዓቷ እንዲውጡ ነገርኳቸው። የቫይረስ መጠን ምርመራቸው ደርሷል፤ አብሬያቸው እሄዳለሁ።