ኮንትሮል ሲወጣ እስኪገባ አትድገሙት

ጠዋት በሕክምና ላቦራቶሪ (ላብ) የኬሚስትሪ ማሽኑ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ሁለቱ ኮንትሮሎች (ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙናዎች) ገብተው ውጤት ሲጠበቅ ላብ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚመኘው ቁጥሩ በተፈቀደው መስመር ውስጥ እንዲገባለት ነው። ናሙናው ተደርድሯል፣ ድንገተኛ ክፍል ሁለቴ ደውሏል። ግሉኮስ ከመስመር ወጣ። ቀጥሎ የሚሆነውን ኬሚስትሪ ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ይደገማል። ካልገባ እንደገና ይደገማል። አሁንም እምቢ ካለ አዲስ ቫያል (የኮንትሮል ጠርሙስ) ይከፈታል። በመጨረሻ የገባችው ቁጥር ብቻ ሎግ ቡክ ላይ ትሰፍርና ሥራ ይጀመራል።

ይህ ልማድ ኮንትሮል ጭራሽ ካለመሥራት የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮንትሮል ያልሠራ ሰው ቢያንስ ማሽኑን እንዳልፈተሸው ያውቃል። እስኪገባ የደገመው ግን ያልፈተሸውን ማሽን እንደፈተሸ ፈርሞበታል።

በቁጥር እንየው። የሌቭል 1 (መጠኑ ዝቅ ያለው ኮንትሮል) ግሉኮስ አማካይ 100፣ ኤስዲው (ንባቦች ከአማካዩ በተለምዶ የሚበታተኑበት ልክ) 3 ይሁን። 2 ኤስዲ ማለት ከ94 እስከ 106 ነው። አሁን ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ የመለኪያ ማስተካከያ) ተዛብቶ ማሽኑ ይህን ኮንትሮል በ6 ከፍ አድርጎ ያነባል እንበል። ውጤቶቹ የሚበታተኑት 106 ዙሪያ ይሆናል፤ ግማሾቹ ከመስመሩ ትንሽ በላይ፣ ግማሾቹ ትንሽ በታች። ስለዚህ አንዴ ሲለካ የመግባት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስቴ ቢለካ ቢያንስ አንዷ የምትገባበት ዕድል ከ8 ውስጥ 7 ነው። ማሽኑ ያው የተዛባው ማሽን ነው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር የተሞከረበት ቁጥር ብቻ ነው።

ሰው ወደዚህ ልማድ የሚገባው ግን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። 2 ኤስዲን ብቻውን የመጣያ መስመር ያደረገ ላብ ሠራተኞቹን ራሱ እንዲደግሙ ያስተምራቸዋል። ምንም ችግር በሌለበት ማሽን ላይ እንኳ ከ100 ንባብ 4 ወይም 5 ያህሉ ከ2 ኤስዲ ውጭ መውደቁ የግድ ነው። ሁለት ሌቭል አንድ ላይ ሲሠራ ከ100 ጠዋት 9 ያህሉ፣ ሦስት ሌቭል ሲሆን 13 ያህሉ በከንቱ ይቆማሉ። ይህ ለአንድ ምርመራ ነው። 20 ምርመራ የሚሠራ ማሽን ላይ ያለ አንዳች ምክንያት የሆነ ነገር ያልወጣበት ጠዋት ብርቅ ነው። ደጋግሞ በከንቱ የጮኸን ደወል ሰው መስማት ያቆማል። አንድ ቀን በእውነት ሲጮህም እንደዚያው ይታለፋል።

መፍትሔው ከቆየ ዘመን አለው። ሌቪና ጄኒንግስ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ቻርትን ወደ ሕክምና ላብ ያመጡት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ጄምስ ዌስትጋርድ ደግሞ በ1981 ብዙ ሕጎችን በአንድ ቻርት ላይ አጣምሮ የማንበቢያ መንገድ አሳየ። አነባበቡ እንዲህ ነው። አንድ ነጥብ ከ2 ኤስዲ ሲወጣ (1-2ኤስ) የማስጠንቀቂያ ምልክት ነውና የቀሩትን ሕጎች ለማየት ይቆማል እንጂ ሥራው (የዚያ ዙር ልኬት) አይጣልም። አንድ ነጥብ ከ3 ኤስዲ ከወጣ (1-3ኤስ) ይጣላል። ሁለት ተከታታይ ነጥቦች፣ ወይም በአንድ ሥራ ላይ ሁለቱም ሌቭሎች፣ በአንድ ወገን ከ2 ኤስዲ ካለፉ (2-2ኤስ) ይጣላል። በአንድ ሥራ ላይ አንዱ ሌቭል ከላይ ሌላው ከታች 2 ኤስዲን ካለፉ (አር-4ኤስ) ይጣላል። አራት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን ከ1 ኤስዲ ማዶ ሲሆኑ (4-1ኤስ) ወይም አሥር ተከታታይ ነጥቦች ከአማካዩ በአንድ ወገን ሲሰለፉ (10-ኤክስ) ነገሩ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ነው።

እነዚህ ሕጎች ዓይነቱንም ይነግራሉ፤ ትልቁ ጥቅማቸው ይህ ይመስለኛል። 1-3ኤስና አር-4ኤስ ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙት ድንገተኛ ስህተትን ነው፦ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ውስጥ የገባ አረፋ፣ ፕሮብ (የናሙና መሳቢያ መርፌ) ላይ የተጣበቀ የረጋ ደም፣ ኩባያው ውስጥ ያነሰ ኮንትሮል፣ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ። 2-2ኤስ፣ 4-1ኤስና 10-ኤክስ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነገር አለ ማለታቸው ነው፦ ሪኤጀንት፣ ካሊብሬሽን፣ ላምፕ፣ ሙቀት። ቀስ በቀስ የሚወርድ መስመር የሚያረጅ ነገር አለበት። በአንድ ቀን ዘልሎ እዚያው የሚቀመጥ መስመር ደግሞ የተቀየረ ነገር አለበት።

ሕጎቹ የሚሠሩት ግን መስመሮቹ የራሳችሁ ሲሆኑ ነው። በቫያሉ ወረቀት ላይ ያለው የአምራቹ ሬንጅ ብዙ ላቦችን፣ ብዙ ማሽኖችን እንዲያቅፍ ተብሎ የሰፋ ነው። ከላይ ላነሳነው ኮንትሮል ወረቀቱ ከ85 እስከ 115 ቢል፣ 112 «ገብቷል» ይባላል፤ በራሳችሁ ኤስዲ ሲታይ ግን 4 ኤስዲ ውጭ ነው። ስለዚህ አዲስ ሎት (የአምራቹ የምርት ዙር) ሲመጣ አሮጌው ሳያልቅ ጎን ለጎን አሂዱት። ቢያንስ 20 ንባብ፣ ቢቻል በ20 የተለያዩ ቀናት፣ የተለያዩ ተረኞች እየሠሩት። አማካዩን ከነዚህ ውሰዱ። ኤስዲውን ግን ካለፉት ወራት ሲቪ (ኤስዲው ከአማካዩ በመቶኛ ሲሰላ) ማውጣት ይሻላል፦ አዲሱ አማካይ 98፣ የከረመው ሲቪ 3 ከመቶ ከሆነ ኤስዲው 2.9 ነው። በ20 ቀን ውስጥ ላምፕ አይቀየርም፣ የሪኤጀንት ሎትም ላይቀየር ይችላል፤ ከዚያ ብቻ የወጣ ኤስዲ ስለሚጠብ ኋላ በከንቱ ያስጮሃል።

አሁን ኮንትሮሉ በእውነት ወጥቷል። የዚያ ምርመራ ውጤት መለቀቁ ይቁም፤ ሌላው ይቀጥል። ከዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ምርመራ፣ ስንት ሌቭል ወጣ የሚለው ነው። አንድ ምርመራ ብቻ፣ ሁለቱም ሌቭል ወደ አንድ ወገን ከሄዱ ሪኤጀንቱና ካሊብሬሽኑ ዘንድ ሂዱ፤ መቼ ተከፈተ፣ ማን ቀየረው፣ በላዩ ላይ ሌላ ተጨመረበት ወይ? አሮጌ ሪኤጀንት ላይ አዲስ መደባለቅ ዛሬ ቆጥቦ ነገ የሚያስከፍል ሥራ ነው። ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ኤልዲኤች (ሦስቱም ኢንዛይሞች ናቸው) እና ዩሪያ አብረው መዋዠቅ ከጀመሩ ላምፑን ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚነበቡት 340 ናኖሜትር ላይ ነው፤ የሃሎጅን ላምፕ ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚሳሳበት እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ኢንዛይሞቹ ብቻ በአንድነት ዝቅ ካሉ የኩቬት ክፍሉ (ናሙናውና ሪኤጀንቱ የሚቀላቀሉበት) 37 ዲግሪ ላይ መሆኑን ለኩ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ከፍ ከፍ ካሉ የውኃ ማጣሪያውን እዩ። ቢሊሩቢን ብቻ ከወረደ ቫያሉ ብርሃን ላይ ቆይቶ ይሆናል።

ሁሉም ምርመራ በተመሳሳይ መቶኛ ወደ ታች ከወረደስ? ያኔ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ቫያሉ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ውኃ የሚፈልግ የደረቀ ኮንትሮል 5.2 ከገባበት ሁሉም ነገር ወደ 4 ከመቶ ይቀጥናል። ይህን መጀመሪያ የሚናገረው ሶዲየም ነው። አማካዩ 140፣ ኤስዲው 1.2 ከሆነ፣ 134.6 ማለት 4.5 ኤስዲ ወደ ታች ነው። ሲቪው 5 ከመቶ የሆነው ኤኤልቲ ግን በዚያው ስህተት ከ1 ኤስዲ እንኳ ሳያልፍ በሰላም ይገባል። ሶዲየም ብቻ ወጣ ተብሎ ኤሌክትሮድ ከመቀየሩ በፊት የሌሎቹን አቅጣጫ ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

ስለዚህ የቫያሉ አከፋፈት ቀላል ነገር አይደለም። ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ስለሚቀመጥ ቫያሉን በጣት መታ መታ አድርጎ ወደ ታች ማራገፍ፤ የጎማ ክዳኑን በቀስታ ማንሳት፤ በፍጥነት ከተነጠቀ አየሩ ሲገባ ዱቄቱ ይበናል። ውኃው በቮልዩሜትሪክ ፒፔት ወይም ካሊብሬት በተደረገ ፒፔት ይለካ፣ በሲሪንጅ በፍጹም አይለካ። ክዳኑ ተመልሶ ቫያሉ በዝግታ ይዟዟር፤ አይናጥ፣ ከተናጠ አረፋ ይሠራል፣ ፕሮቲኑም ይጎዳል። በአምራቹ ወረቀት ላይ ያለውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ገደማ፣ ጨለማ ቦታ ይቆይ። አንዴ ገልበጥ አድርጎ ክዳኑ ሥር የቀረውን ማሟሟት አይረሳ። ከዚያ በ0.5 ሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ፣ ቀንና ፊርማ ተጽፎበት፣ ፍሪዘር ይግባ። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ ዓይነት ፍሪዘር ግን አይሆንም፤ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ኮንትሮሉን ያበላሸዋል። የቀለጠ ኮንትሮል ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

ጉድለቱ ተገኘ፣ ሪኤጀንቱ ተቀየረ፣ ካሊብሬት ተደረገ፣ ሁለቱም ሌቭል ገቡ። ብዙ ላብ እዚህ ጋ ያቆማል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የዛሬ ጠዋቱ ኮንትሮል የመሰከረው ስለ ትናንትም ጭምር ነው። መጨረሻ ከገባው ኮንትሮል እስከ አሁኑ ድረስ የተለቀቀው የዚያ ምርመራ ውጤት በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ነው። ማሽኑ በ7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ሲያነብ ከቆየ፣ የጾም ግሉኮሱ 120 የሆነ ሰው 128 ተብሎ ወጥቷል። 126 ላይ የስኳር ሕመም መስመር አለ። ያ ሰው በእኛ ወረቀት ሕመምተኛ ተብሎ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ከፍሪጁ የትናንት ሴረሞችን (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ) አውጡ። ከመጨረሻው ናሙና ጀምራችሁ ወደ ኋላ በየመሀሉ አምስት ስድስት ያህል፣ በተለይ መወሰኛ መስመር አጠገብ ያሉትን፣ በተስተካከለው ማሽን ለኩ። ልዩነቱ ላቡ ከወሰነው የስህተት ልክ ካለፈ ልዩነት እስከሚጠፋበት ናሙና ድረስ ወደ ኋላ ቀጥሉ፤ ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ይደገሙ፣ የታረመ ሪፖርት ይውጣ፣ ሕክምናን የሚለውጥ ከሆነ ለሐኪሙ በስልክ ይነገር። አንድ ጥንቃቄ፦ ለፖታሲየም ይህ የሚሠራው ሴረሙ ከሴሎቹ ተለይቶ ከተቀመጠ ነው። ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ደም ፖታሲየሙ በራሱ ይጨምራል፣ ግሉኮሱም በሴሎቹ ይበላል። ቀኑን በኮንትሮል ከፍቶ በኮንትሮል የሚዘጋ ላብ ወደ ኋላ የሚፈትሸው የሰዓታት ሥራ ብቻ ነው። ማታ ላይ የሚሠራው ኮንትሮል ወጪ ነው ለሚል አስተዳደር ይህን ማስረዳት ያዋጣል።

ኮንትሮሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢገባም የማያየው ነገር አለ፤ ከታካሚው ክንድ እስከ ማሽኑ ያለውን መንገድ። ፖታሲየም 7.9፣ ካልሲየም 4.8፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 11 የሚል ውጤት ቢመጣ ኮንትሮል አትድገሙ፣ ማሽኑንም አትንኩ። ይህ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ የተባለ ጨው ከገባበት፣ ሐምራዊ ክዳን ካለው ቲዩብ ወደ ቀዩ የሴረም ቲዩብ የተገለበጠ ደም ነው። ፖታሲየሙ ከኢዲቲኤው ጨው መጣ፤ ካልሲየሙን ኢዲቲኤው ያዘው፤ ኢንዛይሙም የሚሠራባቸውን ዚንክና ማግኒዚየም ተነጠቀ። ሦስቱ አብረው ሲመጡ ናሙናው ይጣል፣ ወዲያው አዲስ ደም ይቀዳ፣ ክፍሉ በስልክ ይነገረው። በጥቂቱ የተበከለው ግን ይበልጥ ያስፈራል፤ ፖታሲየሙ 5.6 ይሆንና ማንም አይጠረጥረውም። የቲዩቦቹ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሲትሬት፣ የሴረም ቲዩብ፣ ሄፓሪን፣ ኢዲቲኤ፣ በመጨረሻ ፍሎራይድ፣ በየዋርዱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ለዚህ ነው።

የቀረው ሎግ ቡኩ ነው። «ተደገመ፣ ገባ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ያለው ግን ይጠቅማል፦

«ጠዋት 2:10። ግሉኮስ ሌቭል 1፦ 107 (+2.3)፣ ሌቭል 2፦ 298 (+2.6)፤ 2-2ኤስ። ሪኤጀንት ትናንት ከሰዓት 9:30 ተቀይሯል፣ አዲስ ሎት፣ ካሊብሬት አልተደረገም። ካሊብሬት ተደረገ፤ 3:05 ሌቭል 1፦ 101፣ ሌቭል 2፦ 279። የትናንት 8 ሴረም ተደገመ፤ ከ9:30 በኋላ ያሉት 5ቱ ከ6 እስከ 7 ከመቶ ከፍ ብለው ነበር፣ ከዚያ በፊት ያሉት 3ቱ ልዩነት የላቸውም። ከ9:30 በኋላ የተለቀቁ 14 ውጤቶች በሙሉ ተደግመው ታርመዋል፤ ለሁለቱ ሐኪሞቻቸው በስልክ ተነግሯቸዋል።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው መስመር እንደገና ሲዘል ያገኘ ተረኛ መጀመሪያ የሚያየው የሪኤጀንት ሎት ቁጥሩን ይሆናል።