ሦስት ጣት አንድ አንጓ ላይ፦ የቻይናን የትርታና የምላስ ምርመራ እንዴት ተማርኩ

ቼንግዱ ውስጥ የመጀመሪያ ታካሚዬን እጅ ስይዝ፣ ዱብ ዱብ ከሚል ትርታ በቀር ምንም አልተሰማኝም። አጠገቤ ያለችው ቻይናዊት የክፍል ጓደኛዬ ማስታወሻዋ ላይ ሁለት መስመር ጽፋ ጨርሳለች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

ቼንግዱ ለዚህ ትምህርት ትልቅ ስም ያላት ከተማ ናት። በ1956 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቻይና መንግሥት የመጀመሪያዎቹን 4 የባህላዊ ሕክምና ኮሌጆች ሲከፍት፣ ከቤጂንግ፣ ከሻንጋይና ከጓንግዡ ጋር አንዱ የደረሰው ለእሷ ነው። እኔ የሄድኩት አኩፓንቸር ልማር ነበር። ልቤን የወሰደው ግን ከመርፌው በፊት የሚመጣው ነገር ሆነ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ታካሚው ቁጭ ይላል፣ ክንዱ ከልቡ ትይዩ ይሆናል፣ መዳፉ ወደ ላይ ይዞራል። አንጓው ሥር ትንሽ ትራስ ይገባል። መጀመሪያ የሚያርፈው የመሃል ጣት ነው። በአውራ ጣት በኩል አንጓ ላይ ጉብ ያለች አጥንት አለች፤ ከእሷ ጎን ወደ ውስጥ ሲሉ ደም ሥሩ ይገኛል። ይህ ቦታ ጓን ይባላል። አመልካች ጣት ወደ መዳፉ በኩል ጹን ላይ፣ የቀለበት ጣት ወደ ክርን በኩል ቺ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ መጫን ነው፦ መጀመሪያ ቆዳውን ነካ ብቻ፣ ቀጥሎ መሃከለኛ፣ መጨረሻ እስከ አጥንቱ ድረስ።

ፍጥነቱን የምንለካው በራሳችን ትንፋሽ ነው። መርማሪው አንዴ ወደ ውስጥ ስቦ እስኪያወጣ 4 ወይም 5 ምት ከመጣ ደህና ነው። ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ እጅ ከያዝሽ ሚዛንሽ ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህ ነው መምህሬ ሳንረጋጋ ታካሚ እንድንነካ የማይፈቅዱት።

የትርታ ዓይነት ተብለው የሚጠኑት 28 ናቸው። ስማቸውን በሁለት ሳምንት ሸመደድኩ። ጣቶቼ ግን ሁለት ዓመት ፈጁ። ‘የተወጠረ’ የሚባለው እንደ ክራር ክር ነው፤ ስትጫኚው ቦታውን አይለቅም። ‘አንሸራታች’ የሚባለውን ደግሞ ቻይኖቹ ሳህን ላይ እንደሚንከባለል ዕንቁ ይሉታል። እርጉዝ ጓደኛዬ እጇን ስትሰጠኝ ነው ዕንቁዋ ጣቴ ሥር ስታልፍ የተሰማኝ። ደስታዬን አልረሳውም። እርግጥ ብዙ ጤነኛ ወጣትም እንዲህ ይመታል፤ ስለዚህ እርግዝና የሚታወቀው በምርመራ እንጂ በጣት አይደለም።

ከዶርም ጓደኛዬ ጋር አንድ ልማድ ያዝን። የአንዱን ሰው እጅ በየተራ ይዘን፣ ሳንነጋገር በየወረቀታችን እንጽፋለን። ፍጥነትና ጉልበት ላይ ሁሌም ለማለት ይቻላል እንስማማለን። የተወጠረ ነው ወይስ አንሸራታች የሚለው ላይ ግን ስንት ጊዜ ተለያየን! ያኔ ነው ወረቀቴን በመስመር ለሁለት የከፈልኩት። በግራ በኩል የተሰማኝን ብቻ፣ በቀኝ በኩል ምን ማለት ነው የምለውን። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በትምህርቱ መሠረት ግራ እጅ ላይ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ቀኝ እጅ ላይ ሳንባ፣ ጣፊያና እንደገና ኩላሊት ይነበባሉ። ሦስቱም ጣቶች ያረፉት ግን አንድ ደም ሥር ላይ ነው። የቀለበት ጣቴ ሥር ያለችው ቦታ ብቻዋን ስለ ኩላሊት እንደምትናገር በሰውነት አሠራር የተረጋገጠ ነገር የለም። ካርታውን ተምሬ ፈተናውን አልፌበታለሁ። ኩላሊት ታሟል ለማለት ግን ደምና ሽንት ይመርመር እላለሁ።

ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንድ አባት ባላስጨነቅኩ ነበር። ጀርባቸውን አሟቸው መጡ። አንጓቸው ላይ ብፈልግ ብፈልግ ትርታው የለም። ጥልቅ፣ ቀጭን፣ ደካማ ብዬ ጻፍኩ፤ ይባስ ብዬ ኩላሊትዎ ደክሟል አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። መምህሬ መጡና የአባትየውን እጅ ገልብጠው ከአንጓው ጀርባ፣ በአውራ ጣት ግርጌ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያም የእኔን ጣት ወስደው እዚያው አኖሩት። ጠንካራ፣ ሙሉ ትርታ ነበር። አንዳንድ ሰው ደም ሥሩ ሲፈጠር ጀምሮ በጀርባ በኩል ያልፋል፤ በሽታ አይደለም። አባትየውን ይቅርታ ጠየቅኩ። መምህሬ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ሌላኛውን ጎን ሳታይ አፍሽን አትክፈቺ።»

ምላሱም የራሱ ጣጣ አለው። ጫፉ ለልብ፣ ጎንና ጎኑ ለጉበት፣ መሃሉ ለጨጓራና ለጣፊያ፣ ሥሩ ለኩላሊት ይሰጣል። የሥጋው ቀለም ይታያል፣ ቅርጹ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት መኖሩ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን። ብዙ ካስወጡት ይጠቁራል፤ ስለዚህ ቶሎ አይቶ ማስገባት፣ ካልበቃ አሳርፎ መድገም ነው። ብርሃኑ የቀን ብርሃን መሆን አለበት። ቼንግዱ ደግሞ ሰማይዋ ደመና ነው። ከተማዋ ያለችበት የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ውሻ ፀሐይ ሲያይ ይጮኻል የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ክረምቱን ሙሉ ታካሚ ይዘን ወደ መስኮት ስንሄድ ኖርን።

አንድ ቀን እርስ በርስ ስንተያይ የእኔ ምላስ ተራ ደረሰ። የክፍል ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ ወፍራም ቢጫ ሽፋን፣ የጨጓራ ሙቀት ብለው ጻፉ። መምህሬ «ጠዋት ምን ጠጣሽ?» አሉኝ። እናቴ የላከችልኝን ቡና በጀበና አፍልቼ ሁለት ስኒ ጠጥቻለሁ። እርጥብ ጎዝ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ምላሴን ጠረጉት። ጎዙ ቡናማ ሆነ፣ ምላሴ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐበሻ ስመረምር የመጀመሪያ ጥያቄዬ ቡና ነው።

ትርታ ስለ መያዝ ያለኝን ክብር ያጸናው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለው የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ምታቸው ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይዘላል፤ ምንም ሥርዓት የለውም። በ28ቱ ውስጥ ለሚዘል ምት ሦስት ስም አለ፤ የትኛው እንደሆነ ለመምረጥ ጊዜ አላጠፋሁም። የተሰማኝን በግራ በኩል ጻፍኩ። መምህሬ ያዙት፣ ዝም አሉ፣ እዚያው ሕንፃ ላይ ወደ ኢሲጂ፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ ወደሚመዘግበው ምርመራ ላኳቸው። የልባቸው የላይኛው ክፍል ሥርዓት አጥቶ እየተርገበገበ ነበር። እንዲህ ያለው ልብ ደም ሊያረጋ ይችላል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። መድኃኒት የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው።

አዲስ አበባ የተመለስኩ ማግስት እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ። ትንሽ ትራስ ስላልነበረኝ ነጠላዋን አጥፌ ሥሩ አደረግኩ። መሃል ጣቴን አሳረፍኩ፣ 50 ምት ቆጠርኩ። «እሺ ልጄ፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

«እንደ ክራር ክር ተወጥሯል እማዬ፣» አልኳት። «ሌላውን እኔ አላውቅም። ቆይ የግፊት መለኪያውን ላምጣ።»