እንኳን ለቃና ዘገሊላ አደረሳችሁ፤ በተለይ ሽንኩርት ለሰጣችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለቃና ዘገሊላ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። የከተራና የጥምቀት መልካም ምኞት ከየአቅጣጫው ሲጎርፍላችሁ ስለ ሰነበተ የእኔው ዘግይቶ መድረሱ ብዙ የሚያስከፋችሁ አይመስለኝም፤ ደግሞም ያዘገየሁት አውቄ ነው። ታቦተ ሚካኤል ሌሎቹ ከገቡ በኋላ ዛሬን ጠብቆ እንደሚገባ፣ እኔም መልእክቴን ለጥር 12 ያቆየሁት ዓመቱን ሙሉ ከእጄ ያልወጣ አንድ መጽሐፍ ከዚህ ቀን ጋር ስላቆራኘኝ ነው።

መጽሐፉ የሩሲያዊው ደራሲ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ነው። «የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ይህን የሚያህል ልብ ወለድ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉኝ የክፍሌ ልጆች እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላቸውም። ያዋሰኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። እሱ የወንጌላውያን አማኝ፣ እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ ስለ ጾምና ስለ ምልጃ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር ከርመን፣ አንድ ምሽት «መጀመሪያ ይህን አንብብና ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ ሽፋኑ የተገነጠለ የኮንስታንስ ጋርኔትን የእንግሊዝኛ ትርጉም አልጋዬ ላይ ጣለልኝ። ክርክራችን አላለቀም፤ ድምፃችን ግን ዝቅ ብሏል። ወንድሜ፣ ስለ መጽሐፉም ስለ ትዕግሥትህም አመሰግንሃለሁ።

ስለ ታሪኩ ሁሉ ማውራት አልችልም፤ አባት ተገድሎ ልጆቹ የሚፋጠጡበትን ዋናውን ጉዳይ እንኳ ለእናንተው እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሰባተኛው ክፍል ነው። አሊዮሻ የሚባለው ወጣት የገዳም ረድእ እንደ ንስሐ አባትም እንደ ወላጅም የሚያያቸው አባ ዞሲማ ያርፋሉ። ሕዝቡ ከአስከሬናቸው ተአምር ሲጠብቅ፣ ገና አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ሽታ ይሰማል። ትናንት እግራቸው ሥር ሲወድቅ የነበረው ሰው «ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» ማለት ይጀምራል፤ ከመነኮሳቱም አንዳንዶቹ ደስ ይላቸዋል። አሊዮሻ ልቡ ተሰብሮ፣ ልታስተው ወደምትጠብቀው ወደ ግሩሼንካ ቤት ይሄዳል። እሷ ግን የአባን ማረፍ ስትሰማ ደንግጣ ታማትብና፣ በልጅነቷ የሰማችውን አንድ ተረት ትነግረዋለች።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንዲት ክፉ አሮጊት ሞታ የእሳት ባሕር ውስጥ ትጣላለች። ጠባቂ መልአኳ ቢያስብ ቢያስብ፣ በዕድሜዋ ሙሉ ያደረገችው በጎ ነገር ከጓሮዋ አንድ ሽንኩርት ነቅላ ለለማኝ መስጠቷ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያው ሽንኩርት ጎትተህ አውጣት ተብሎ ይፈቀድለታል። ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ሌሎቹ ኃጥአን እግሯን ይይዛሉ፤ እሷም «የሚጎተተው እኔ ነኝ፤ ሽንኩርቱም የእኔ ነው!» እያለች ትራገጣቸዋለች። ይህን እንዳለች ሽንኩርቱ ይበጠሳል። እስከዚያች ቃል ድረስ ሁሉንም ችሎ እንደ ነበር ልብ በሉ። በዚህ የበዓል ሰሞን አንድ ሊትር ዘይትና ጥቂት ኪሎ ዱቄት ለአንዲት እናት እያስጨበጡ ፊታቸውን ወደ ካሜራ የሚያዞሩ ወዳጆቼ ይህን ገጽ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ ስሙ «ቃና ዘገሊላ» ነው። አሊዮሻ ወደ ገዳሙ ተመልሶ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሲንበረከክ፣ አንድ መነኩሴ የዮሐንስን ወንጌል እያነበቡ ነው። እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በሕልሙም የአስከሬኑ ክፍል ሰፍቶ ሠርግ ቤት ይሆናል፤ አባ ዞሲማ ከታዳሚው መካከል ተነሥተው በደስታ ይጠሩታል። እዚህ የተገኙት አንድ ሽንኩርት ስለ ሰጡ እንደሆነ፣ በዙሪያቸው ካሉትም ብዙዎቹ የሰጡት አንዳንድ ሽንኩርት ብቻ እንደሆነ ይነግሩታል። እኔ ይህን ወንጌል በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ጌታ የመጀመሪያ ተአምሩን ለታመመ ወይም ለሞተ ሰው ሳይሆን ድግሱ ላነሰበት ሙሽራ፣ የድሆች ደስታ እንዳይበላሽ ብሎ ማድረጉ ግን እዚህ ገጽ ላይ እስክደርስ ድረስ አስገርሞኝ አያውቅም ነበር።

ይህን ደስታ የጻፈው ሰው ሐዘንተኛ ነበር። ዶስቶየቭስኪ በ1878 እ.ኤ.አ. አሊዮሻ የተባለ ሕፃን ልጁን ቀበረ፤ በቀጣዩ ወር ሩሲያ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ ከገዳሙ መንፈሳዊ አባት ከአባ አምብሮስ ጋር ተነጋገረ። በልብ ወለዱም አንዲት የገጠር እናት ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ብቻ ቀርቶት ስለ ሞተ ልጇ ለአባ ዞሲማ ታለቅሳለች፤ የደራሲው ልጅም ሲሞት ዕድሜው ይኸው ነበር። የልጇን ስም ሲጠይቋት በእግዚአብሔር ሰው በቅዱስ አሌክሲ የተሰየመ መሆኑን ትነግራቸዋለች (አሊዮሻ የዚሁ ስም ማቆላመጫ ነው)፤ እኛ ጥቅምት 14 የምናስበው፣ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የወጣው የገብረ ክርስቶስ ገድል ከዚሁ ቅዱስ ታሪክ ጋር የሚዛመድ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እማማን ስላጣን ነው። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት በነበረችው ሻይ ቤት የበላችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ፤ በኅዳር አረፉ። ቅድስት ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ምላሳቸው የተሳለ ነበር፤ ከጎረቤት ተጣልተዋል፤ ከዕድሩም ጋር ተኳርፈው ነበር። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ይህንኑ በሹክሹክታ የሚያነሡ ሰዎች ሰማሁና፣ ያንን የሽታውን ምዕራፍ በቅርቡ አንብቤ ስለ ነበር፣ አሊዮሻን ያቃጠለው ቁጣ እኔንም አቃጠለኝ። ከቤት የሚላክልኝ ገንዘብ በዘገየ ቁጥር በዱቤ ያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ዳቦ ስጠይቅ ሁለት አስቀምጠው፣ «ብላ እንጂ! በዚህ አጥንትህ ነው ድልድይ የምትሠራው?» ብለው ይቆጡኛል። ሁለተኛው ዳቦ ደብተሩ ላይ አይጻፍም። ይህን የማውቀው ሒሳቤን ልከፍል በሄድኩ ቁጥር ካሰብኩት አንሶ ስለማገኘውና፣ ስጠይቃቸውም «ከእኔ ይልቅ አንተ ቁጥር ታውቃለህ?» ብለው ስለሚያባርሩኝ ነው።

ሽንኩርቱ የእኔ ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ በዚያ ሠርግ ቤት ቦታ እንዳላቸው አምናለሁ፤ አስተናጋጁን ሲቆጡም ይታየኛል።

ለእናቴ፣ በስልክ ይህን ታሪክ ሳነብላት «ታዲያ ልጁን ሽንኩርት እንኳ አላበሉትም እኮ» ብላ ለሳቀችው፣ መልካም በዓል። በዚህ ዓመት ሰው ቀብራችሁ ለቅሷችሁን በበዓል ልብስ ለሸፈናችሁ ጓደኞቼ፣ አባ ዞሲማ ለዚያች እናት አልቅሺ እንጂ አትጽናኚ እንዳሏት እናንተም የልባችሁን አልቅሱ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ጸጥ ያለ ደስታም እሳቸው እንደ ተመኙላት እመኝላችኋለሁ። በየአገሩ ለተበተናችሁ፣ ታቦቱን በስልክ መስኮት ለሸኛችሁ፣ ለከርሞ በአካል ያገናኘን።

ተመርቃችሁ ሥራ ለያዛችሁ የግቢያችን ልጆች ግን አንድ የተለየ መልእክት አለኝ። ሻይ ቤቱን አሁን የያዘችው የእማማ ልጅ ናት፤ የዱቤ ደብተሩም እሷ ጋ ነው። አይቼዋለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ስም አለበት። እሷ ጠይቃ አታስቸግራችሁም፤ እኔ ግን ዛሬ በዓል ነው ብዬ አልተዋችሁም፤ እባካችሁ ሄዳችሁ ክፈሏት፣ ሁለተኛውንም ዳቦ ጨምራችሁ።